አሮጌውን ዶቅዶቄ ለጓሳ መንገድ ማብቃት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሸኖና በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ጣርማ በር የሚወጣው፣ እዚያም ሲደርስ ወደ ደሴ የሚወርደውን ዋና ጎዳና በቀኙ ትቶ በመንዝ ደጋ ላይ ወደ ሰሜን የሚታጠፈው መንገድ፣ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጓሳ ሣር መካከል አልፎ ወደ መሐል ሜዳ ያደርሳል። ይህ አገር ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍ ያለ፣ ጅብራና አስታ የሚበቅልበት፣ ጭላዳ በመንጋ የሚግጥበትና ቀይ ቀበሮ አይጥ የሚያድንበት ውርጫም ደጋ ስለ ሆነ፣ በመኪናም ሆነ በዶቅዶቄ የሚወጣው መንገደኛ ገደሉንና ጉሙን እንጂ የነፋሱን መሳሳት አስቀድሞ አያስብም፤ ሞተርን ግን ከገደሉም ከጉሙም በፊት የሚፈትነው ይኸው የማይታየው ነፋስ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢ ላስተዋውቅ የፈለግሁት ለረጅም ጉዞ ተብሎ የተሠራ፣ ነገር ግን ብዙ ዘመን በመጋዘን ተዘግቶበት የኖረ ሞተር ብስክሌት፣ በባለቤቱ ግቢ ውስጥ በባለቤቱ እጅ ታድሶ እንዲህ ላለው ዳገት የሚበቃበትን የእጅ ጥበብ ነው። ለአብነትም የምወስደው በጀርመን አገር፣ በበርሊን ከተማ በሽፓንዳው ፋብሪካ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1969 እስከ 1973 የተሠራውን ቢ. ኤም. ደብልዩ አር 75/5 ነው። መሐንዲሱ ማክስ ፍሪትስ ለ1923ቱ የድርጅቱ የመጀመሪያ ሞተር ብስክሌት ያወጣው ንድፍ በዚህም ላይ እንደ ጸና ነው፤ ይኸውም ሁለቱ ሲሊንደሮች አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ተጋድመው ወደ ውጭ ስለሚወጡ ነፋስ ያለ ከልካይ ያበርዳቸዋል፣ ኃይሉም ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው በሰንሰለት ሳይሆን በዘይት ውስጥ በሚዞር ዘንግ ነው። ሞተሩ 745 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ጉልበቱ 50 ፈረስ፣ ማርሹ አራት ነው፤ በኤሌክትሪክ ማስነሻ ይነሣል፣ ባትሪው ቢደክም ደግሞ በእግር መርገጫ ይነሣል።

ይህን ዓይነት የመረጥሁት የዛሬዎቹ ተሽከርካሪዎች በኮምፒዩተር ካልተመረመሩ በቀር ሕመማቸውን ስለማይናገሩ፣ ይህ ግን የሕመሙን ምክንያት ሁሉ በዓይን ለሚያይ፣ በጆሮ ለሚሰማና በጣት ለሚዳስስ ሰው ስለሚገልጽ ነው። በዚያው ዘመን፣ በ1973፣ ከለንደን ተነሥቶ በአራት ዓመት ውስጥ ዓለምን የዞረውና ኢትዮጵያንም አቋርጦ ያለፈው ጋዜጠኛ ቴድ ሳይመን፣ ባለ 500ውን ትራያምፍ በየመንገዱ እየፈታና እየገጠመ ጉዞውን ሊፈጽም የቻለው የዘመኑ ሞተር ለመንገደኛ እጅ የማይዘጋ ስለ ነበረ ይመስለኛል።

ማሽን ተዘግቶበት ሲኖር የሚደርስበትን ለማስተዋል ከጓሳ ሣር ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። መንዞች የጓሳን ሣር ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የጠበቁበት የቄሮ ሥርዓት፣ በአስቦና በጌራ ባለ ርስቶች በተመረጡ አለቆች እየተመራ፣ ሣሩን ለተከታታይ ዓመታት ከአጫጅና ከከብት ይከለክል ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ምክንያት ሥርዓቱ ቢፈርስም ሕዝቡ ቆይቶ ጥበቃውን በሌላ መልክ አቁሞታል። ሣር በተከለከለ መጠን ይበረክታል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት የሚሆነውም ከዚያ በኋላ ነው። ማሽን ግን በተከለከለ መጠን ይሞታል። ቤንዚኑ ተንኖ ዝቃጩ በካርቡራተሩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ላይ እንደ ሙጫ ይጋገራል፤ የሌሊቱ እርጥበት በነዳጅ ማጠራቀሚያው ውስጥ ጤዛ ሆኖ ዝገትን ይወልዳል፤ ላስቲክ ይደርቃል፣ ባትሪ ይነጥፋል፣ የፒስተን ቀለበት ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፣ አይጥም በአየር ማጣሪያው ሣጥን ውስጥ ጎጆዋን ትቀልሳለች። ስለዚህ «ለዓመታት አልተነዳም፣ አዲስ ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው ሲገኝ፣ ገዢው ዋጋውን ከፍ ሳይሆን ዝቅ ለማድረግ ምክንያት እንዳገኘ ይቁጠረው።

የእድሳት ሥራ የሚበላሸው ከሁሉ በፊት በቅደም ተከተሉ ነው። ብዙ ሰው ልቡ ወደ ቀለሙና ወደሚያብረቀርቀው ኒኬል ስለሚሳብ፣ ገንዘቡንም ትዕግሥቱንም በዚያ ላይ ጨርሶ፣ ፍሬን የማይዝ ያማረ ዶቅዶቄ በበረንዳው ላይ ያቆማል። እንደ እኔ አስተያየት ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው፤ እስከ ጭራሹም ሳይቀባ ቢቀር መንገዱ አይጠይቀውም።

አስቀድሞ የሚታወቀው ሞተሩ መዞርና አለመዞሩ ነው። ካንዴላዎቹ ይፈቱና በቀዳዳቸው ጥቂት ዘይት ከናፍታ ጋር ተደባልቆ ይጨመራል፤ ከዚያም ለጥቂት ቀናት ትቶ መጠበቅ ነው። በጉልበቱ የሚመካ ሰው ወዲያው ረግጦ ቀለበቱን ይሰብራል፤ የሚታገሥ ግን ማርሽ አስገብቶ የኋላውን ጎማ በእጁ ቀስ አድርጎ እየመለሰ ይፈታዋል። ሞተሩ በቀና ጊዜ አሮጌው ዘይት ሁሉ ይፈስሳል፤ እዚህ ላይ ዘይቱ በአንድ ቦታ ብቻ እንዳይደለ ማስተዋል ይገባል። ለሞተሩ ከ2 ሊትር በላይ፣ ለማርሽ ቤቱ 0.8 ሊትር፣ ደግሞም ለዘንጉና ለኋላው ጥርስ ቤት ለየብቻቸው ጥቂት ጥቂት ያስፈልጋል፤ አንዱን ሞልቶ ሌላውን የረሳ ሰው የረሳውን ጥርስ ሲሰበር ያስታውሰዋል።

ወደ ነዳጁ እንምጣ። የዛገ ማጠራቀሚያ በሎሚ አሲድ ውሃ ተሞልቶ ሲያድር ዝገቱ ይለቃል፤ ከዚያ በሶዳ ውሃ ታጥቦ፣ ፈጥኖ ደርቆ፣ ውስጡ በስስ ዘይት ይታበሳል፤ ይህ ሳይደረግ ቢቀር በማግስቱ እንደገና ይዝጋል። የተቀደደ ቢሆን፣ የቤንዚን ትነት እንደ ባሩድ ስለሚፈነዳ፣ በቤት ውስጥ በእሳት ለመበየድ መሞከር ነፍስን መፈታተን ነው።

ካርቡራተሩ ግን ሰፋ ያለ ሐተታ ይገባዋል። የጥንት ሊቃውንት ፍጥረትን ከአራቱ ባሕርያት፣ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት ሲመረምሩት እንደ ኖሩ፣ ሞተርንም የሚያውቀው ነፋስና እሳት በውስጡ በምን መጠን እንደሚገናኙ የሚያውቅ ሰው ነው። አንድ እጅ ቤንዚን በደኅና ለመቃጠል በክብደት ወደ 15 እጅ የሚጠጋ አየር ይሻል። በጓሳ ከፍታ ግን የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ 50 ፈረስ የነበረው ጉልበት ወደ 33 ይወርዳል፤ ለዚህ መድኃኒት የለውም። መድኃኒት ያለው ሌላው ጉዳት ነው፤ ይኸውም ነፋሱ ሲያንስ ቤንዚኑ በቀድሞው መጠን መፍሰሱን ስለሚቀጥል፣ ሞተሩ ታፍኖ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል።

በዚህ ሞተር ላይ ያሉት ሁለቱ የቢንግ ካርቡራተሮች ስስ የላስቲክ ሽፋን አላቸው፤ ሞተሩ አየር ሲስብ ሽፋኑ በካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን ፒስተንና በእርሱ ላይ የተተከለውን መርፌ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ስለዚህም የአየሩን መሳሳት በከፊል ራሳቸው ያስተካክላሉ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። አዳሹ ሽፋኑን አውጥቶ በፀሐይ ፊት ዘርግቶ ይመልከተው፤ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ብትኖርበት ያ ሲሊንደር በዳገት ላይ ባልንጀራውን ትቶ ይቀራል። ቤንዚኑን የሚመጥኑት የናስ መመጠኛዎች ሲጸዱ የብረት ሽቦ ከቶ አይገባባቸውም፤ ቀዳዳው ጥቂት ቢሰፋ መጠኑ ጠፋ ማለት ነውና። በአየር ይነፋሉ፤ አልሆን ካለ ከመንዝ ፈረስ ጭራ የተነቀለች አንዲት ፀጉር ከማንኛውም የጋራዥ መሣሪያ የተሻለ ሥራ ትሠራለች። በመጨረሻ ለደጋው ሲባል መርፌው በአንድ ደረጃ ዝቅ ይላል፣ ዋናው መመጠኛም ቁጥሩ አነስ ባለ ይለወጣል።

እሳቱ ከነፋሱ ይልቅ ቀላል ነው። የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል፣ የካንዴላው 0.7 ያህል ሆኖ ሲስተካከልና የቦቢናው ገመድ ያልተሰነጠቀ ሲሆን ብልጭታው አይጠፋም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር፤ ፑንቲናው ያለበትን የፊት ክዳን ከመፍታት በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ መነቀል አለበት፤ ክዳኑ ከውስጥ ያሉትን ሽቦዎች ነክቶ የኤሌክትሪክ ማመንጫውን ክፍል በቅጽበት የሚያቃጥል ስለ ሆነ። የቫልቮቹ ክፍተት ደግሞ ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ ብቻ ይለካል፤ ለማስገቢያው 0.15፣ ለማስወጫው 0.20 ሚሊ ሜትር።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ፍሬኑ ነው። ዳገት ሞተርን ቢያስቸግርም ሰውን አይገድልም፤ የሚገድለው ቁልቁለት ነው። የጣርማ በር ገደል ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ ታሪክ ይመሰክራል፤ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ይገሰግስ የነበረው የኢጣልያ የመኪና ሠራዊት፣ መንገዱ በጣርማ በር ተሰብሮ ስለ ጠበቀው ቆሞ ለመጠገን ተገዶ ነበር፤ በኋላም በወረራው ዘመን ተራራው ተበስቶ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋው ዋሻ ተሠርቷል። እንዲህ ያለውን አገር የሚወርድ የአር 75/5 ፍሬን ዲስክ የሌለው፣ 200 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ቤት ውስጥ በሸራ የሚይዝ ነው። ሸራው ዘይት የጠጣ እንደ ሆነ ታጥቦ አይድንም፤ ይለወጣል። የአሮጌ ሸራ ትቢያ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችልና ሳንባን ስለሚጎዳ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ በትንፋሽ አይነፋም። የሚስበው ሽቦ አንድ ክሩ እንኳ የተበጠሰ ቢሆን በአዲስ ይተካል። ይህ ሁሉ ተደርጎም፣ ፍሬኑን ሳይለቅ የሚወርድ ሰው የቤቱን ብረት አግሎ መያዙን ያሳጣዋል፤ ዳገቱን በወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ይውረድ የሚለው የአሮጌ ሾፌሮች ምክር በዶቅዶቄም ላይ ያው ነው።

ጎማው ጥርሱ ያልተበላ መስሎ ቢታይም በጎኑ የተጻፉት አራት አኃዞች ዕድሜውን ይናገራሉ፤ ፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን፤ ሦስት አኃዝ ብቻ ያለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2000 በፊት የተሠራ ስለ ሆነ ወዲያው ይጣል።

መለዋወጫን በተመለከተ፣ ብሎን፣ ኩሽኔታ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የመሳሰለው በመርካቶ ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ ያልተገኘውን ቶርኖ ቤት ቀርጾ ይሰጣል። የካርቡራተሩ ሽፋንና የዘይት መከልከያ ላስቲኮች ግን ተመሳሳይ ስለማይገኝላቸው ከጀርመን መምጣት አለባቸው፤ ፋብሪካውም ለአሮጌዎቹ ሞተሮች መለዋወጫ መሥራቱን ስላላቋረጠ፣ ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ሻንጣ ብዙ ዶቅዶቄ ያድናል። ከገንዘቡ በፊት ሊብሬው ይታይ፤ በዚህ ዓይነት ላይ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር አንድ ሆኖ ከፋብሪካው ስለሚወጣ፣ የተለያየ ሆኖ ከተገኘ ሞተሩ ከሌላ የመጣ ነው፣ ቦሎ ለማውጣት በሚደረገው ምርመራም ጥያቄ ያስነሣል። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ደግሞ በከተማው የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በፈቃድ መወሰኑን አስቦ፣ በሥራ ላይ ያለውን ደንብ አስቀድሞ ይጠይቅ።

የታደሰው ዶቅዶቄ መጀመሪያ በሰፈር፣ ቀጥሎ እስከ ደብረ ብርሃን፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳ፤ በየማረፊያውም የላላ ብሎን ይፈለግ፤ አዲስ የተገጠመ ሁሉ በመንቀጥቀጥ ይላላልና። ወደ ጓሳ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ወራት የጓሳ ሌሊት ውሃ የሚያረጋ ስለ ሆነ፣ ማለዳ ዘይቱ ይወፍራል፣ ባትሪውም ይደክማል፤ ያን ጊዜ የእግር መርገጫው ክብሩን ያገኛል። በጋቢ ወይም በበርኖስ የሚነዳ ሰው ጫፉን በወገቡ ይታጠቅ፤ በቸርኬው ሽቦ የተያዘ ጋቢ ፈረሰኛውን ከነፈረሱ ይጥላል። በጉም ውስጥ መብራት የሚበራው ለማየት ብቻ ሳይሆን ለመታየትም ነው፤ የመንዝ በግ ግን መብራትም ክላክስም አይገደውም።

ከጓሳ የሚመለሰው መንገደኛ በጣርማ በር መገንጠያ ላይ ወደ አዲስ አበባ መታጠፉን ትቶ፣ በዋሻው አልፎ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ለመውረድ ቢያምረው፣ ከፍታው ወደ 1300 ሜትር ስለሚወርድና አየሩ ስለሚወፍር፣ ለደጋው የገቡት አነስተኛ መመጠኛዎች የሚበቃ ቤንዚን አይሰጡም፤ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፣ የማስወጫው ቫልቭም ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ የቀድሞዎቹ መመጠኛዎች በጨርቅ ተጠቅልለው ከመቀመጫው ሥር ባለው የመሣሪያ ማኖሪያ ይቀመጡና ደብረ ሲና ላይ ይለወጡ፤ ይህም ሞተሩ በሚገባ ከበረደ በኋላ ነው፣ ከካርቡራተሩ ሳህን የሚፈሰው ቤንዚን በጋለ ሲሊንደር ላይ ቢወርድ ይቀጣጠላልና።