ኳስ ልናይ ተሰብስበን ፖለቲካ ብናወራስ?

«እባካችሁ፣ እዚህ ፖለቲካ አታምጡብን!» ይህን ያልሰማ የኳስ ወዳጅ ማን አለ? አንዱ ስለ ዳኛው ሲናገር ሌላው ስለ መንግሥት ይጀምራል፤ ሦስተኛው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ አራተኛው የሻዩን ሒሳብ ከፍሎ ይወጣል። ለመሆኑ ሰዎች ለመዝናናት በተሰበሰቡበት ቦታ የፖለቲካ ወሬ መግባት አለበት ወይስ የለበትም?

የአራዳ ሰፈር ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ብዙ ያስተምረናል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. በዚሁ በአራዳ፣ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ በተባሉ ወጣቶች ተመሠረተ። ብዙም ሳይቆይ ፋሺስት ጣሊያን አዲስ አበባን ያዘ፤ ክለቡንም ስሙን አስለውጦ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አሰኘው። ፖለቲካው ራሱ ሜዳ ድረስ መጣባቸው ማለት ነው።

በዚሁ ክለብ የተጫወቱት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ከአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሥራቾች አንዱ ነበሩ። በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ካርቱም ላይ ሲዘጋጅ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም አለች። ውድድሩም ያለ እርሷ በግብፅ፣ በሱዳንና በኢትዮጵያ መካከል ተካሄደ። አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ኮንፌዴሬሽኑን ሲመሩም በዘር መድልዎ ላይ የያዙትን አቋም አልለወጡም። ያን ጊዜ «ይህ ፖለቲካ ነው፣ ተዉት» ቢባል ኖሮ ትክክል ይሆን ነበር? አይሆንም። ጥያቄው «ማን ይጫወታል? ማንስ ይከለከላል?» የሚል ነበርና።

ተቃራኒውንም አይተናል። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ወልዲያና መቀሌ ከተማ ሊጫወቱ በነበረበት ዕለት ወልዲያ ላይ ጠብ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። ኳስ ሊያይ ከቤቱ የወጣ ሰው የብሔር ጠብ ሲጠብቀው እንዴት ያሳዝናል!

እንግዲህ ሁለቱን እንለያቸው። በመካከላችን አንዱ በዘሩ ወይም በቋንቋው ሲገፋ ዝም ማለት ጨዋነት አይደለም። ጉዳዩ የስብስባችን የራሱ ጉዳይ ነው፤ መነገር አለበት። ማን የየትኛው ፓርቲ ደጋፊ እንደሆነ ለመለየት፣ ማንን እንደመረጠ ለመመርመር የሚነሣው ወሬ ግን ሌላ ቦታና ሌላ ጊዜ አለው።

ሦስተኛም ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ለዘመናት አብረው ቡና የጠጡ፣ አብረው ኳስ ያዩ ጎረቤቶች ተበታትነዋል። ከእነርሱ አንዱ ሊጠይቀን ቢመጣና «የተወለድኩበት ቤት ፈረሰ፤ ልጆቼም ከጓደኞቻቸው ተለዩ» ቢለን «ፖለቲካ አታውራ» እንለዋለን? ይህ ጭካኔ ነው። ኀዘኑን የሚነግረን ሰው የሚፈልገው ጆሮአችንን ነው። ስለ ልማቱ ምንም ዓይነት አስተያየት ይኑረን፣ በቅድሚያ «አይዞህ» ማለት ያስፈልጋል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የተዘረዘሩትን ሐዋርያት እናስተውል። ቀራጩ ማቴዎስና ቀናተኛ የተባለው ስምዖን በአንድ ዝርዝር ውስጥ አሉ። አንዱ ለገዥዎች ግብር ሲሰበስብ የነበረ ነው፤ የሌላው ቅጽል ስም ደግሞ ለሕዝቡ ነጻነት የሚቀና ሰውን ያስታውሳል። ጌታ ሁለቱንም በአንድ ማዕድ አስቀመጣቸው።

ውድ ባለትዳሮች፣ ነገሩ እቤታችሁም ይገባል። ባል ከጓደኞቹ ጋር ተከራክሮ ሲመለስ ቁጣው የሚያርፈው ብዙ ጊዜ በሚስትና በልጆች ላይ ነው። ሚስትም ከቡና ላይ የሰማችውን ይዛ ስትገባ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ወሬውን ከመጀመራችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፦ ይህ ነገር የተሰበሰብንበትን ጉዳይ ይነካል? የምናገርበት ሰው አጠገቤ ቢቀመጥ በዚሁ ቃል እናገረዋለሁ? ስንለያይስ «ደኅና እደሩ» ተባብለን ነው? መልሱ «አይደለም» ከሆነ ወሬውን ለሌላ ቀን ማቆየት ፍርሃት ሳይሆን ማስተዋል ነው።