የሒሳብ ፈተና የቋንቋ ፈተና እንዳይሆን

በጅቡቲ ከተማ ብዙ ልጆች ቤት ውስጥ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛ ወይም አማርኛ እየተናገሩ ትምህርት ቤት በፈረንሳይኛ ይማራሉ፤ እንግሊዝኛም ይጨመርባቸዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. የምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት ድርጅት የሆነው የኢጋድ አባል አገሮች ስደተኛ ልጆችን በመደበኛው ትምህርት ለማካተት የተስማሙት በዚሁ ከተማ ነበር። ልጁ በደንብ በማይችለው ቋንቋ ተፈትኖ እውቀቱ በትክክል ካልተመዘነ ግን መካተቱ ጎዶሎ ነው።

መምህራን፣ እባካችሁ፦

1. የሒሳብና የሳይንስ ጥያቄዎችን በአጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ሥዕል ጨምሩ። የሚቀለው ቋንቋው እንጂ ትምህርቱ አይደለም።
2. ለእውቀትና ለቋንቋ ለየብቻ ነጥብ ስጡ።
3. ተጨማሪ ጊዜና መዝገበ ቃላት ፍቀዱ።
4. መጻፍ የከበደው ልጅ የሚያውቀውን በቃል ወይም በተግባር ያሳይ።

ወላጆች፣ ውጤቱ ዝቅ ካለ መምህሩን ጠይቁ፦ «ልጄ ያልገባው ትምህርቱ ነው ወይስ ጥያቄው?»