ሴሉ ከገባ በኋላ

ሊምፎማ ከነጭ የደም ሴሎች የሚነሣ ካንሰር ነው። ብዙ ጊዜ በኬሞቴራፒ ይድናል። አስቸጋሪው ጠፋ ከተባለ በኋላ የሚያገረሸው፣ ወይም ከመጀመሪያውም መድኃኒት የማይበግረው ነው። ስኮላር-1 የተባለው ጥናት እንዳሳየው፣ ኬሞ ያልበገረው ትልቅ ቢ-ሴል ሊምፎማ ከነበረባቸው ሕሙማን ግማሾቹ ከ6 ወር ብዙም አልዘለቁም።

ካር-ቲ የተባለው ሕክምና የደረሰው ለእነዚህ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የወጠነው ዜሊግ ኤሽሃር ነው፤ እስራኤል፣ ረሖቮት በሚገኘው የቫይዝማን ተቋም ከባልደረቦቹ ጋር። ከሕመምተኛው ደም ቲ ሴሎች ይለያሉ፤ ላቦራቶሪ ውስጥ በቫይረስ አማካይነት አዲስ ዘረ-መል ይገባባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ካንሰሩ በላዩ የሚሸከመውን ሲዲ19 የተባለ ፕሮቲን ለይተው ያጠቃሉ። አሜሪካ በዚህ መንገድ ለሊምፎማ የተሠራውን ዬስካርታን እ.ኤ.አ. በ2017 ፈቀደች። በዋናው ጥናት ከታከሙት 101 ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ካንሰሩ ጨርሶ ጠፋላቸው፤ ከ5 ዓመት በኋላም ከ100 ወደ 43 የሚጠጉት በሕይወት ነበሩ።

ብዙ የሚወራው ስለ ዘረ-መሉና ስለ ዋጋው ነው፤ ዬስካርታ ገበያ ሲገባ 373,000 ዶላር ነበር። ቤተሰብም ዋናው ቀን ሴሉ የሚሰጥበት ይመስለዋል። ያ ቀን ግን ቀላሉ ነው፤ አንዲት ትንሽ ከረጢት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተንጠባጥባ ታልቃለች። ከባዱ የሚመጣው ሴሎቹ መባዛት ሲጀምሩ ነው። ትኩሳት ያነሣሉ፣ አንዳንዴም አንጎልን ይነካሉ። አንጎል መነካቱን ቀድሞ ለማወቅ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ፣ ምስጋናም ያላገኘው፣ እስክሪብቶ ነው።

ነርሷ ወረቀት ይዛ ትመጣለች። ዓመቱን፣ ወሩን፣ ከተማውንና ሆስፒታሉን ትጠይቃለች፤ 3 ዕቃ ታስጠራለች፤ ቀላል ትእዛዝ ትሰጣለች፤ ከ100 ጀምሮ በ10 እየቀነሰ ታስቆጥራለች፤ አንድ ዓረፍተ ነገርም ታስጽፋለች። ፈተናው ከ10 ይታረማል፣ ጽሕፈቱም 1 ነጥብ ብቻ ነው። ዓይን ላይ የሚወድቀው ግን እሱ ነው። ትናንት ቀጥ ያለው ጽሑፍ ዛሬ ከመስመሩ ይወርዳል፤ ፊደሉ ያንሳል፤ አንድ ቃል ሁለቴ ይደገማል፤ ወይም እጅ መሃል ላይ ይቆማል። ሕመምተኛው «ደህና ነኝ» እያለ ወረቀቱ ሌላ ይናገራል።

ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የሚታከም፣ በአማርኛ ያደገ ሰው ዓረፍተ ነገሩን እጁ በለመደው ፊደል ቢጽፍ ይሻላል፤ ያኔ ስሕተቱ የሕመሙ እንጂ የእንግሊዝኛው ወይም የዕብራይስጡ አይሆንም። ታዲያ ሴሉ ከመሰጠቱ በፊት የተጻፈ ናሙና ይኑር፣ አማርኛ የሚያነብ ዘመድም በየቀኑ ይየው። የ«ቤ» ቀለበት ወልቃ «በ» ብትሆን ነርሷ ከየት ታውቃለች?

«ደክሞታል፣ ዛሬ ይለፈው» የሚሉ አስታማሚዎች አሉ። እጁን ይዘው የሚያስጽፉም አይጠፉም። ይህ ርኅራኄ አይደለም፤ ሐኪሙ የሚያይበትን መስኮት መዝጋት ነው። ቤት የገባ ሕመምተኛ ትኩሳት ሲሰማው ለሆስፒታሉ ሳይደውል ፓራሲታሞል መዋጡም ከዚህ አይለይም።

የአንጎሉ ምልክት በጊዜ ከተያዘ ዴክሳሜታዞን የተባለ መድኃኒት ይሰጣል፤ አብዛኛው ሰውም ይመለስለታል። ቢሆንም ጥንቃቄው ከሆስፒታል ሲወጡ አያበቃም። አሜሪካ ውስጥ ከሕክምናው በኋላ ለ8 ሳምንት መኪና መንዳት ክልክል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ 2 ሳምንት ዝቅ ተደርጓል።