ሞያ ከቤታችን እንዳይጠፋ

በከተማ የሚኖር አንድ ወጣት ቤተሰብ በሳምንት ውስጥ ምን ምን እየገዛ እንደሚኖር እስቲ ለአንድ አፍታ አስቡት። እንጀራው ከሰፈር ሱቅ ይመጣል። ሽሮውና በርበሬው ተፈጭቶና በላስቲክ ታሽጎ ይገዛል። ቅቤውም ተነጥሮ ነው የሚመጣው። የሸሚዝ ቁልፍ ሲወልቅ ልብሱ ወደ ልብስ ሰፊ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ቁም ሣጥን ውስጥ ተረስቶ ይቀራል። የቀረውን ሥራ ደግሞ የቤት ሠራተኛዋ ትሸፍነዋለች።

ይህ በራሱ ነውር አይደለም። ባልና ሚስት ሁለቱም ሥራ ውለው፣ ታክሲ ሲጠብቁ አምሽተው ቤት በሚገቡበት በዚህ ዘመን ገዝቶ መጠቀም ጊዜ ይቆጥባል። እንጀራ እየጋገረች ልጆቿን የምታሳድገው ጎረቤታችንም የምትኖረው እኛ ስለምንገዛት ነው። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። መግዛት ያልተቻለ ዕለት ቤታችን ምን ያደርጋል? ሠራተኛዋ ድንገት ወደ አገሯ ስትሄድ፣ መብራት ሁለት ቀን ሲጠፋ፣ ደመወዙ ከወሩ ቀድሞ ሲያልቅስ?

ጥፋቱ የማን ነው?

ብዙ አዳዲስ ትዳሮች በመጀመሪያው ዓመት የሚጋጩት በትልልቅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። “እናቴ እንዲህ አልነበረም የምትሠራው” የምትል አንዲት ቃል ማዕድ ላይ ትወድቅና ሳምንት ሙሉ ታኳርፋለች። ሚስትም “ያገባኸኝ ለወጥ ነው እንዴ?” ብላ ትመልሳለች።

እስቲ ነገሩን ወደ ኋላ ተመልሰን እንየው። እሷን በልጅነቷ “አንቺ ትምህርትሽን ብቻ ተከታተይ” አልናት። ታዘዘች፤ ተማረች፤ ዲግሪዋን ያዘች። እሱን ደግሞ “ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል?” ብለን አስወጣነው። እሱም ታዘዘ። ሁለቱም የተባሉትን ያደረጉ ልጆች ናቸው። ታዲያ ያላስተማርናቸውን ነገር ዛሬ ከአንዳቸው ብቻ መጠየቅ ፍትሕ አይሆንም።

“ሞያ በልብ ነው” ይባላል። ይሁን እንጂ በልብ ብቻ የተያዘ ሞያ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። አንድ ትውልድ ሳያስተምር ካለፈ የሚቀጥለው ትውልድ የሚጠይቀው ሰው አያገኝም።

ሞያ የሁለቱም ነው

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 የምናገኛቸው አቂላና ጵርስቅላ ባልና ሚስት ነበሩ። ሥራቸው ድንኳን መስፋት ነበር፤ ጳውሎስም የእጅ ሥራው ከእነርሱ ጋር አንድ ስለነበረ አብሯቸው ተቀምጦ ሠራ። በዚያ ቤት መርፌ የሴት፣ ገንዘብ የወንድ ተብሎ አልተከፈለም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናነሣቸውን አራት ነገሮች “ይህ ለእሷ ነው” ብሎ የሚዘል ባል እንዳይኖር አደራ እንላለን።

1. እንጀራ

እንጀራ መጋገር ከባድ የሚመስለው ምክንያቱን ሳናውቅ ስለምንጀምር ነው። ለ1 ኪሎ የጤፍ ዱቄት ከ1 ሊትር ተኩል ትንሽ የሚበልጥ ውሃ ይበቃል። ካለፈው ሊጥ የቀረ እርሾ ተጨምሮበት በደንብ ይቦካና እንደ አየሩ ሙቀት ከ2 እስከ 3 ቀን ይቀመጣል። ከዚያ ከላይ ያቀረረው ውሃ ይደፋል፤ ለሚቀጥለው ጊዜ የሚሆን እርሾ ማስቀረት ግን አይረሳ።

ቀጥሎ ብዙ ጀማሪዎች የሚዘሉት አብሲት ይመጣል። አንድ ኩባያ ሊጥ ከሦስት ኩባያ ውሃ ጋር እየተማሰለ ይፈላና፣ በረድ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል። ጤፍ እንደ ስንዴ ሊጡን የሚያያይዝ ግሉተን የለውም። አየሩን ይዞ እንጀራው ዓይን እንዲያወጣ የሚረዳው ይህ የበሰለ አብሲት ነው። ሊጡ ኩፍ ሲል ምጣዱ በጎመን ዘርና በማሰሻ ይታሰሳል፤ ሊጡ ከዳር ጀምሮ እየዞረ ወደ መካከል ይፈስሳል። ዓይኑ ሲወጣ አክንባሎ ይከደናል። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ ዳሩ ከምጣዱ ይላቀቃል።

ዓይን ካጣ ሊጡ በደንብ አልቦካም፣ ወይም ወፍሯል፣ ወይም ምጣዱ አልጋለም ማለት ነው። ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው አንዱን አስተካክሎ በድጋሚ ይሞክራል፤ የማያውቅ ግን “እኔ አልችልም” ብሎ ይተዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል የሚበላ ዕቃ በመሆኑ፣ አንዴ ከጋለ የሳምንቱን እንጀራ በአንድ ጊዜ መጋገር ይመከራል።

2. ቅቤና በርበሬ

ቅቤ የሚነጠረው ለሽታው ብቻ አይደለም። በውስጡ ያለው ውሃ ተንኖ ሲወጣና የወተቱ ተረፍ ሲዘቅጥ ቅቤው ሳይበላሽ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ረጋ ባለ እሳት ላይ ይጣድ። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ አብሹና እርዱ ይግቡበት። ከዚያ ጆሯችሁን ስጡት፤ የሚንጫጫው ድምፅ ጸጥ ሲልና አረፋው ሲጠፋ ውሃው አልቋል ማለት ነው። በደረቅ ማጥለያ አጥልላችሁ በደረቅ ዕቃ አስቀምጡት። እርጥብ ማንኪያ የገባበት ቅቤ ብዙ አይቆይም።

በርበሬም እንዲሁ ነው። ተቀንጥሶ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ተወቅጦ፣ እንደገና ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ከኮረሪማና ከአዝሙድ ጋር ወደ ወፍጮ ይሄዳል። እናቶቻችን “በደንብ ይድረቅ” እያሉ የሚጨነቁት ያለ ምክንያት አልነበረም። እርጥበት የያዘ በርበሬ ይሻግታል፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ ወጡ ቢበስልም አይጠፋም። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬና ቅቤ በየገበያው በሚገኝበት በዚህ ጊዜ ደግሞ፣ አንድ ጊዜ በእጁ ያዘጋጀ ሰው ቀለሙንና ሽታውን ለይቶ ለመግዛት ይረዳዋል። ለመጀመር አንድ ፈረሱላ አያስፈልግም፤ 1 ኪሎ ዛላ ይበቃል።

3. መርፌና ክር

አንድ ቁልፍ ለመትከል አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ክሩን ደርባችሁ ጫፉን ቋጥሩት። በቁልፉ ላይ አንድ የክብሪት እንጨት አጋድማችሁ ክሩን በእሱ ላይ እያሳለፋችሁ ስፉ። ሲያልቅ እንጨቱን አውጡና ቁልፉን ወደ ላይ ሳብ አድርጋችሁ፣ ከሥሩ ክሩን ሦስት አራት ጊዜ ጠምጥማችሁ ቋጥሩ። ይህች ትንሽ ክፍተት ከሌለች ቁልፉ ጨርቁን እየጎተተ ቶሎ ይወልቃል።

ትምህርት ቤት የገባ ልጅ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ አጠገቡ ተቀምጠን ብናሳየው ይህን ይችላል። የተቀደደ ዩኒፎርሙን ራሱ የጣፈ ልጅ ነገ ሲጫወት ልብሱን ይጠነቀቅለታል።

4. ከሰል

ይህኛው የሕይወት ጉዳይ ነው። በኤሌክትሪክ ምድጃ ያደጉ ወጣቶች መብራት ሲጠፋ ወይም ሲበርዳቸው የከሰል ምድጃ ወደ ክፍል አስገብተው በርና መስኮት ይዘጋሉ። በዚህ ምክንያት ሌሊቱን ተኝተው ያልነቁ ቤተሰቦች አሉ።

“ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም” ማለት መተማመኛ አይደለም። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ቀይ ከሆነ ፍምም ይወጣል። ስለዚህ ከሰል ውጭ ይቀጣጠል፤ የሚበስለውም ውጭ ወይም በርና መስኮቱ በተከፈተበት ቦታ ይብሰል። ምድጃው በምንም ምክንያት ሰው በተኛበት ክፍል አይደር። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም ያልተለመደ እንቅልፍ ከተሰማ ሁሉም ሰው ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ፤ ሕመምተኛውም ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ከየት እንጀምር?

በመጀመሪያ፣ ባልና ሚስት ተነጋግራችሁ ለአንድ ወር አንድ ሞያ ብቻ ምረጡ። ሁሉን በአንዴ ማለት ምንም አለመጀመር ነው።

ሁለተኛ፣ የሚያስተምር ሰው ፈልጉ። ጳውሎስ ለቲቶ በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 2 ያረጁ ሴቶች ወጣቶቹን እንዲያስተምሩ አሳስቧል። በየአጥቢያችን “እኔን ማን ይፈልገኛል?” ብለው ቤት የሚውሉ ስንት እናቶች አሉ! አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋብዛችኋቸው አብሲት ቢያሳዩአችሁ፣ እናንተ ሞያ ታገኛላችሁ፤ እነርሱም ተፈላጊ መሆናቸውን ያያሉ። “በዓይን ነው የምለካው” ካሉ፣ እሳቸው ሲሠሩ እናንተ በኩባያ እየለካችሁ ጻፉት።

ሦስተኛ፣ የመጀመሪያው እንጀራ ቢቀደድ አትሳሳቁበት። ባል የጋገረው ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ አንዴ የተሳቀበት ሰው ወደ ማጀት ዳግመኛ ላይመለስ ይችላል።

አራተኛ፣ የቤት ሠራተኛ ካለቻችሁ እጇ ላይ ያለውን ሞያ አክብራችሁ ተማሩ። ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ መሆኗን ልጆቻችሁ ይስሙ።

እንጀራውን ነገም ከሱቅ ልንገዛ እንችላለን። ልዩነቱ ያኔ የምንገዛው ጊዜ ስላጣን እንጂ አቅቶን አይሆንም። ለልጆቻችን ቤትና መኪና ማውረስ ላይሆንልን ይችላል፤ የሚሠራ እጅ ማውረስ ግን ለሁላችንም ይቻላል። ጌታ የእጆቻችሁን ሥራና ማዕዳችሁን ይባርክ።