ተራራው ሲሰምጥ፣ ቆፋሪው ሲወርድ

በቦሊቪያ የመንግሥት አርማ መካከል አንድ ሾጣጣ ተራራ አለ። ሴሮ ሪኮ ይባላል፤ ከፍታው 4,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ከግርጌው የፖቶሲ ከተማ ተኝታለች። በአርማው ላይ ቅርጹ እንደ ጥንቱ ነው። እውነተኛው ተራራ ግን በ2011 አናቱ ላይ ተደርምሶ አፉን ከፈተ (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዩኔስኮ ከተማዋንና ተራራውን በ1987 በዓለም ቅርስነት መዘገበ፤ በ2014 ደግሞ አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገባቸው። ከ4,400 ሜትር ከፍታ በላይ መቆፈር ተከልክሏል፤ ቆፋሪዎቹ ግን ዛሬም ይገባሉ።

የሚገርመው፣ ተራራው ይፍረስ የሚል ሰው በፖቶሲ አለመኖሩ ነው። በ2010 የከተማዋ ሕዝብ መንገድ ዘግቶ ለ19 ቀናት ሲያድም ከጥያቄዎቹ አንዱ የሴሮ ሪኮ መጠበቅ ነበር። ታዲያ ሁሉም የሚሳሳለትን ተራራ ማዳን ለምን አቃተ? መልሱን በመንግሥት ቸልተኝነት ብቻ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ነው የሚያገኘው። ሌላው ግማሽ ያለው ይህን ተራራ በግድ እንዲቆፍር የተደረገው ሕዝብ በኋላ የራሱ ባደረገበት ታሪክ ውስጥ ነው።

የተራራው ብር በስፔኖች እጅ የገባው በ1545 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የማቅለጡን ጥበብ የያዙት የአገሬው ሰዎች ነበሩ። ነፋስ በሚያራግባቸው ትንንሽ ምድጃዎች ያቀልጡ ስለነበር የተራራው ጎን ሌሊት ሌሊት በእሳት ነጠብጣብ ይሞላ ነበር። ምርጡ ድንጋይ ሲያልቅ ግን ምድጃዎቹ አልበቁም። በ1570ዎቹ የስፔን ንጉሥ እንደራሴ ፍራንሲስኮ ደ ቶሌዶ ሁለት ነገር ይዞ መጣ። አንደኛው ብሩን ከተፈጨው ድንጋይ ለይቶ የሚያወጣው ባዘቃ ነው፤ እሱም ከፔሩዋ ሁዋንካቬሊካ ይመጣ ነበር። ሁለተኛው ሚታ ነው።

ሚታ በኢንካዎች ዘመንም ነበር። ሕዝቡ ለመንግሥት በየተራው ይሠራል፤ መንግሥትም ተረኛውን ከጎተራው ያበላዋል። ቶሌዶ ተራውን ወሰደ፣ ጎተራውን ተወው። ከ16 አውራጃዎች ከሰባት ወንድ አንዱ በየዓመቱ ወደ ፖቶሲ እንዲሄድ ታዘዘ፤ ቁጥሩ 13,000 ገደማ ነው። ሚስትና ልጅ ይዘው፣ ስንቃቸውን በላማ ጭነው፣ አንዳንዶቹ ከፔሩዋ ኩዝኮ አካባቢ ሳይቀር ለሳምንታት ይጓዙ ነበር። ድንጋዩን የሚፈጩትን ወፍጮዎች የሚያሽከረክረው ውኃ የተጠራቀመው ከከተማዋ በላይ በተሠሩ ሰው ሠራሽ ሐይቆች ነው፤ በ1626 አንዱ ግድብ ተደርምሶ ጎርፉ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ የከተማዋ ነዋሪ 160,000 ይደርስ እንደነበር ይነገራል። ያውም እህል በማይበቅልበት ብርድ ምድር፤ ስንዴው፣ ወይኑ፣ የኮካ ቅጠሉ ሁሉ በእንስሳት ጀርባ ነበር የሚወጣው። እዚያ የተመታው ገንዘብ ቻይና ድረስ ተገበያየ።

በሴሮ ሪኮ ስምንት ሚሊዮን ሰው አለቀ የሚል ቁጥር በየጽሑፉ ይደጋገማል። ይህን የሚያረጋግጥ ሰነድ የለም፤ ግፉን ለማስረዳትም የግድ አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ብናነሣ ይበቃል። መንደሮች ሰው መላክ ሲያቅታቸው በምትኩ ብር ይከፍሉ ጀመር። የማዕድን ጌቶችም ብሩን ኪሳቸው ከተቱት፤ ጉድጓዳቸው ባዶ ሆኖ እንኳ ከሚታ የሚኖሩ ነበሩ። በብር የተተኩትን ተረኞች ዘመኑ «የኪስ ሕንዶች» ብሎ ጠራቸው። መሬቱን ጥሎ ወደ ሌላ አውራጃ የተሰደደው ገበሬ ደግሞ ስፍር ቁጥር የለውም። ሚታ የተሻረው በ1812 ነው።

ከዚያ በፊት ግን ሌላ ዓይነት ሰው ብቅ ብሎ ነበር፦ ካቻ። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ካቻዎች ቅዳሜ ማታ ሥራ ሲቆም ወደ ጉድጓዱ ገብተው እስከ ሰኞ ማለዳ ለራሳቸው ይቆፍሩ ነበር። ጌቶቹ ሌባ አሏቸው፤ እነሱ ግን ድርሻችን ነው አሉ። እኔ ለካቻዎቹ አደላለሁ። ያም ሆነ ይህ፣ ከከተማዋ ብር ቀላል የማይባለው በእነሱ እጅ ማለፉን የቅኝ ገዥው መዛግብት ራሳቸው ያሳያሉ።

የዛሬዎቹ የማዕድን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዘራቸውን ከካቻዎች ይቆጥራሉ። ከ1952ቱ አብዮት በኋላ ታላላቆቹ ማዕድናት የመንግሥት ሆነው ነበር። በ1985 የቆርቆሮ ብረት ዋጋ ተንኮታኮተና ከ20,000 በላይ የመንግሥት ማዕድን ሠራተኞች ተባረሩ። ብዙዎች አካባቢውን ለቀው ወደ ቆላው ወረዱ፤ የቀሩት በማኅበር ተደራጅተው አሮጌዎቹን ዋሻዎች ተከራዩ። የሚያወጡት ብር፣ ዚንክና እርሳስ የተቀላቀለበት ድንጋይ ነው። ድማሚቱን በራሳቸው ገንዘብ ይገዛሉ፤ አቧራው ሳንባቸውን ይጨርሳል። ጉንጫቸውን የሚሞላው ኮካ ጫት የሚቅም ሰው እንደሚያውቀው ረኀብንና ድካምን ያስረሳል፤ ጣዕሙ ሲጠፋ ደግሞ የሰዓት ያህል ያገለግላል፤ እረፍት ደረሰ ማለት ነው። ዋሻው ውስጥ ቀንድ ያለው የጭቃ ምስል ተቀምጧል፤ «ቲዮ» ይሉታል፣ አጎት ማለት ነው። አርብ አርብ ሲጋራ ለኩሰው በአፉ ያደርጉለታል፣ አልኮል ያፈሱለታል። እነዚሁ ሰዎች ከዋሻው ውጪ ካቶሊኮች ናቸው። የጉድጓዱን አፍ በሌሊት የሚጠብቁት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው፤ ባሎቻቸው በዚያው ሥራ የሞቱባቸው ብዙ ናቸው።

ማኅበር የሚለው ስም ግን ማታለያም አለበት። አባል የሆነው ድርሻ አለው፤ ከሥሩ የሚቀጠረው የቀን ሠራተኛ ግን የለውም። በ2016 መንግሥት በኅብረት ሥራ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር እንዲቋቋም የሚፈቅድ ሕግ ሲያወጣ የማዕድን ማኅበራቱ አምጸው መንገድ ዘጉ። ከግል ኩባንያ ጋር በቀጥታ መዋዋል እንዲፈቀድላቸውም ጠይቀው ነበር። በግጭቱ ቆፋሪዎች በጥይት ወደቁ፤ ሊያደራድር የሄደው የአገር ውስጥ ጉዳይ ምክትል ሚኒስትር ሮዶልፎ ኢላኔስም ታግቶ ተደብድቦ ተገደለ። የካቻ ልጆች በተራቸው ጌቶች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የገለጠ ነገር የለም።

ስለዚህ ጫፉን ለማዳን የሚወጣ እቅድ ሁሉ ሁለት ሰው ፊት ይቆማል። ድርሻውን አልለቅም የሚለውን የማኅበር አባል መንግሥት በምርጫ ሰሞን ሊያስቀይመው አይደፍርም። ምንም ድርሻ የሌለው ወጣት የቀን ሠራተኛ ደግሞ ከ4,400 ሜትር በታች ወርደህ ቆፍር ቢባል ቦታው በሌሎች ተይዟል። ሌላ ማዕድን ይሰጣችሁ የሚለው ሐሳብ ለአባላቱ የቀረበ ነው፤ የቀን ሠራተኛው በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ የለም። የብር ዋጋ በጨመረ ቁጥር ማለዳ ወደ ላይኞቹ ጉድጓዶች ከሚወጡት መካከል እሱ ይገኛል።