«ኩክ ነው» ከማለት በፊት፦ ስለ ጆሮ ተረትና እውነታ

ለጆሮ ችግር ሁሉ ቤት ውስጥ የሚሰጥ አንድ ምርመራ አለ፦ «ኩክ ነው»። ጆሮ ሲያሳክክ ኩክ ነው፣ ጭው ሲል ኩክ ነው፣ አባባ ቴሌቪዥኑን ሲያስጮኹ ኩክ ነው፣ ልጅ ተጠርቶ አልሰማ ሲል ኩክ ነው። ማውጫውም አይጠፋም፤ የክብሪት እንጨት፣ ስቴኪኒ፣ የጸጉር ሽቦ፣ የእስክሪብቶ ክዳን፣ የዶሮ ላባ፣ የመኪና ቁልፍ ሳይቀር ጆሮ ውስጥ ይገባል። እርግጥ አንዳንዴ ነገሩ ኩክ ሆኖ ይገኛል። ሌላ ጊዜ ግን ለአንድ ሳምንት እንኳ ሊቆይ የማይገባው ሕመም በዚሁ ስም ተሸፍኖ ይከርማል። ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው ሁለቱ አይለዩም፤ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

«ኩክ ቆሻሻ ነው»

ኩክን ሰውነታችን የሚያመርተው ለጥቅሙ ነው። የአዋቂ ሰው የጆሮ ቦይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፤ ኩክ የሚመነጨው በውጭኛው ሲሶ ብቻ ነው። በዚያ ያሉ የቅባትና የላብ ዕጢዎች የሚያመነጩት ነገር ከረገፈ ቆዳና ከጸጉር ጋር ተደባልቆ ኩክ ይሆናል። ቆዳውን ያለሰልሳል፣ አቧራ ይይዛል፣ ውኃ እንዳይሰርግ ይከላከላል፤ ጥቂት አሲድነት ስላለውም ባክቴሪያና ፈንገስ እንዳሻቸው እንዳይራቡ ያግዳል። ጆሯቸውን ሙልጭ አድርገው የሚጠርጉ ሰዎች ማሳከክ የማይለቃቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቅባቱን ያጣ ቆዳ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ያሳክካል፣ ሲያሳክክ ይኮረኮራል፣ ሲኮረኮር ይብስበታል።

ጽዳቱንም ቢሆን ጆሮ ለሌላ አይተውም። የቦዩ ቆዳ ከታምቡሩ ተነሥቶ በጣም በዝግታ፣ ያለማቋረጥ ወደ ውጭ ይጓዛል፤ ስንበላና ስናወራ የመንጋጋው እንቅስቃሴ ያግዘዋል። ኩኩ በዚያ ቆዳ ላይ ተሳፍሮ ደጅ ሲደርስ በእርጥብ ጨርቅ ከውጭ ጠረግ ማድረግ ይበቃል።

ቀለሙም አያሳፍርም። ትኩሱ ቢጫ ነው፣ ሲቆይ ቡናማ፣ ሲሰነብት ጥቁር ይሆናል። የአንዱ ሰው እርጥብና የሚያጣብቅ፣ የሌላው ደረቅና የሚፈረፈር መሆኑ ከንጽሕና ጋር ግንኙነት የለውም፤ ከወላጅ የሚወረስ አንድ ዘረ መል እንደሚወስነው የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 አሳይተዋል። በምሥራቅ እስያ ደረቁ ይበዛል፣ በአፍሪካና በአውሮፓ እርጥቡ።

«በጥጥ ቢጠረግ ምንም አይል»

ጆሮ መኮርኮር ዛሬ የመጣ ልማድ አይደለም። ድሮ እናቶች ከብር የተሠራ፣ ጫፉ በማንኪያ ቅርጽ የጎደጎደ ኩክ ማውጫ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉ ነበር። እጀታው ላይ ያለው ጌጥ የአንጥረኛውን ጥበብ የሚያሳይ ስለሆነ አሁንም በቅርሳ ቅርስ ሱቆች ይታያል። ዛሬ ቦታውን የያዘው በሁለቱም ጫፍ ጥጥ የተጠቀለለበት ትንሽ እንጨት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሊዮ ገርስተንዛንግ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ለገበያ ያወጣው ለሕፃናት እንክብካቤ ብሎ ነበር። አሁን ብዙ አምራቾች «ጆሮ ቦይ ውስጥ አታስገቡ» ብለው ማሸጊያው ላይ ይጽፋሉ፤ እኛ ግን የምንገዛው ለዚያው ለጆሮ ነው።

ጥጡ ቢጫ ሆኖ ሲወጣ ጆሮው የጸዳ ይመስላል። እውነቱ ሌላ ነው፤ ጥጡ የነካውን ጥቂት ይዞ ይወጣና የቀረውን፣ ዘነዘና ሙቀጫ ውስጥ ያለውን እንደሚጠቀጥቅ፣ ወደ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል። ኩክ ወደማይመነጭበት ወደ ውስጠኛው ክፍል ተገፍቶ ታምቡሩ ላይ ከተለጠፈ ያ በቆዳ ተሳፍሮ የመውጣት ነገር አይሠራለትም። ስለዚህ ጆሯቸው ደጋግሞ የሚደፈንባቸው ሰዎች በየቀኑ የሚጠርጉቱ ሆነው ቢገኙ ሊገርመን አይገባም።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። በኦሃዮ የሚገኘው የኔሽንዋይድ ሕፃናት ሆስፒታል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት መሠረት ከ1990 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት አሜሪካ ውስጥ 263,000 ያህል ሕፃናትና ወጣቶች በዚህ ጥጥ ጆሯቸው ተጎድቶ ድንገተኛ ክፍል ገብተዋል፤ በቀን 34 ያህል ማለት ነው። የአብዛኞቹ ጉዳት የደረሰው ጆሮ ሲጸዳ ሲሆን፣ ከአራቱ የአንዱ ያህል ታምቡሩ ተቀዶ ነበር። ልጅ ገላውን ሲታጠብ ይንቀሳቀሳል፣ ይስቃል፣ ሌላ ልጅ እየሮጠ መጥቶ ክርኑን ይገፋዋል፤ በአዋቂም ቢሆን ከበር የገባ ሰው የእጁን ጫፍ መንካቱ ይበቃል። በሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውስጥ ለስሕተት የሚሆን ቦታ የለም።

«ጆሮዬ ድፍን ብሏል፤ ኩክ መሆን አለበት»

ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች አካዳሚ መመሪያ እንደሚለው ከአሥር ልጆች አንዱ፣ ከሃያ አዋቂዎች አንዱ፣ ከአረጋውያን ደግሞ ከሲሶው በላይ ጆሯቸው ውስጥ ከልክ ያለፈ ኩክ ይገኛል። ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው፦ የመደፈን ስሜት፣ መስማት መቀነስ፣ ጭው ማለት፣ ማሳከክ፣ ጥቂት ሕመም፣ አንዳንዴ ማዞር። ሰው የማይጠረጥረው ሌላም አለ፤ ደረቅ ሳል። ከአንጎል ወደ ጉሮሮና ወደ ሳንባ የሚወርደው ነርቭ አንድ ቅርንጫፉ ጆሮ ቦይ ውስጥ ስለሚያልፍ፣ ኩኩ እሱን ሲጫነው ሰውዬው ጉንፋን ሳይዘው ይስላል። ገላ ከታጠቡ በኋላ በድንገት መደፈንም የተለመደ ነው፤ «ውኃ ገባብኝ» ይባላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የነበረው ኩክ ውኃውን ጠጥቶ አብጦ ነው። የመስሚያ መሣሪያ የሚጠቀሙ፣ የጆሯቸው ቦይ ጠባብ ወይም ጸጉራም የሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ኢርፎን የማያወልቁ ሰዎች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

ኩክ ያልሆነውን ግን መለየት ያስፈልጋል። አንድ ሰው ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት ሲነሣ አንዱ ጆሮው ድፍን ብሎ፣ እየጮኸ ሊያገኘው ይችላል። ስልኩን በዚያ ጆሮ ሲያነሣ ድምፅ የለም። ሕመም የለም፣ ፈሳሽ የለም፤ ስለዚህ «ኩክ ነው፣ ይለቀኛል» ይላል። ይህ የመስማት ነርቭ ወይም የውስጠኛው ጆሮ ድንገተኛ ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ በሦስት ቀን ውስጥ ወይም በአንድ ሌሊት የሚከሰት ነው። ሕክምናው በስቴሮይድ መድኃኒት ሲሆን ተስፋው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው፣ ባጠረ ቁጥርም ይሻላል። ዘይት ጠብ እያደረጉ ያሳለፉት ሳምንት አይመለስም።

ሐኪም ጋ እስኪደርሱ ጥርጣሬውን የምታጠነክር አንዲት ቀላል ሙከራ አለች። አፍዎን ዘግተው «እምምም» እያሉ ያንጎራጉሩ። ድምፁ በተደፈነው ጆሮ በኩል ጎልቶ ከተሰማዎት መንገዱ የተዘጋ ይመስላል፤ ኩክም ሊሆን ይችላል። በደህናው ጆሮ በኩል ከጎላ ግን ችግሩ ነርቭ ላይ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይሂዱ። ሐኪሙም ሲመቱት በሚንቀጠቀጥ ባለሁለት ጣት ብረት ግንባርዎ ላይ አድርጎ የሚያየው ይህንኑ ነው። ሙከራዋ ምርመራን አትተካም፤ ጆሮው በድንገት መስማት ካቆመ ውጤቷ ምንም ይሁን ምን መታየት አለበት።

ሁለተኛው በኩክ ስም የሚታለፍ ነገር መግል ነው። ኩክ ጆሮ አያስፈስስም። ትራስ ላይ የሚቀር፣ የሚሸት፣ ደጋግሞ የሚመጣ ፈሳሽ ካለ ታምቡሩ ተቀዶ መሐከለኛው ጆሮ መመረዙን ሊያመለክት ይችላል። «ልጅ ጥርስ ሲያወጣ ጆሮው ይፈሳል፣ ሲያድግ ይተወዋል» የሚባለውን ብዙ ቤተሰብ አምኖ ይጠብቃል፤ ልጁ እየጠበቁለት የመስማት አቅሙን ያጣል፣ ትምህርት ቤትም «ፈዛዛ» ይባላል። ከጆሮ ፈሳሽ ጋር ትኩሳት፣ ከጆሮ ኋላ እብጠት፣ የፊት መጣመም ወይም ኃይለኛ ማዞር ከመጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ነው።

ልጆች ደግሞ ጆሯቸው ውስጥ ሽምብራ ይከታሉ፣ ባቄላ ይከታሉ፣ ዶቃ ይከታሉ። ጥራጥሬ ከሆነ ውኃ ጨርሶ አያስገቡበት፤ አብጦ ይጣበቃል። የሰዓት ባትሪ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ሥጋ ስለሚያቃጥል ምንም ሳይጨምሩ በቀጥታ ይዞ መሮጥ ያስፈልጋል።

«ቅቤ ወይም ጤና አዳም ጠብ ሲደረግ ይድናል»

ለብ ያለ ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት የተጠበሰበት ዘይት፣ የጤና አዳም ጭማቂ፤ ሁሉም የእናት ፍቅር ያለባቸው ናቸውና በክፉ አልናገራቸውም። ቅባት የደረቀ ኩክን እንደሚያለሰልስም ትክክል ነው። ችግሩ ታምቡሩ ሙሉ መሆኑን ከውጭ ማወቅ አለመቻሉ ነው። ተቀዶ ከሆነ ቅቤውም ጭማቂውም፣ ከያዙት ጀርም ጋር፣ መሐከለኛው ጆሮ ይገባሉ። ሙቀቱንም በጣት የለካነው ለጣት እንጂ ለታምቡር አይደለም።

ጆሮው የማይፈስ፣ የማያም፣ ቀዶ ሕክምና ያልተደረገለት፣ ታምቡሩም ተቀዶ የማያውቅ ሰው ከፋርማሲ የተገዛ የኩክ ማለስለሻ ወይም ንጹሕ የወይራ ዘይት መሞከር ይችላል። በጎን ተኝቶ ሁለት ሦስት ጠብታ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ሳይንቀሳቀሱ፣ ለአምስት ቀን ገደማ። ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምገማ አንዱ ጠብታ ከሌላው፣ ከተራ ውኃ እንኳ፣ እንደሚበልጥ ማስረጃ አላገኘም፤ ስለዚህ ውዱን ፍለጋ ገንዘብ አያባክኑ። በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ ወገኖች ኩክ ይስባል እየተባለ የሚሸጥላችሁን የጆሮ ሻማም ተዉት። ኩክ አይስብም፤ ጆሮ ውስጥ የሚገኘው የሻማው የራሱ ቅላጭ ነው፣ ፊትና ታምቡር የተቃጠለባቸው ሰዎችም አሉ።

«ሐኪም አንዴ ካጠበው ይለምድበታል»

ይህ ፍርሃት ብዙ ሰው ከጤና ተቋም ያርቃል። ጆሮ መታጠብ አይለምድም፤ አንዳንዱ ሰው በተፈጥሮው ብዙ ኩክ ስለሚያመርት ወይም ቦዩ ጠባብ ስለሆነ በዓመት አንዴ ሁለቴ ያስፈልገዋል፣ ሌላው በዕድሜው አንዴም አያስፈልገው።

ሥራው ራሱ አጭር ነው። ሐኪሙ ወይም ነርሷ መጀመሪያ በመብራት ውስጡን ያያሉ፤ ይህ ሳይደረግ «ና ልጠበው» ያለዎትን ሰው እምቢ ይበሉት። ከዚያ ከጆሮዎ ሥር ጎድጓዳ ሳህን አስይዘው፣ ጆሮዎን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገው፣ የሰውነት ሙቀት ያለው፣ 37 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውኃ በሲሪንጅ ወደ ቦዩ ግድግዳ ያስገባሉ። ውኃው ከቀዘቀዘ ወይም ከሞቀ ሚዛን ጠባቂውን የውስጥ ጆሮ ስለሚያነቃ ክፍሉ ይዞራል። ውኃ የማይስማማው ካለ በመምጠጫ መሣሪያ ወይም በቀጭን መቆንጠጫ ይወጣል። ሲያም ወዲያው ይናገሩ፤ መቻል እዚህ አይጠቅምም።

ከመታጠብዎ በፊት ሳይጠየቁም የሚነግሯቸው ነገሮች አሉ፦ ጆሮዬ ይፈስ ነበር፣ ታምቡሬ ተቀዶ ያውቃል፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል፣ የምሰማው በዚህ በአንዱ ብቻ ነው፣ ስኳር አለብኝ። የስኳር ታማሚ ከእጥበት በኋላ እስከ አጥንት የሚዘልቅ ኢንፌክሽን ሊይዘው ስለሚችል የመጨረሻው በተለይ አይዘለል። ጤና ጣቢያ ቀላሉን ይሠራል፤ ከእነዚህ አንዱ ያለበት ግን ወደ ከአንገት በላይ ሐኪም እንዲላክ ይጠይቅ።

ኩኩ ወጥቶ ሲያልቅ እዚያው ክፍል ውስጥ ሆነው መስማትዎ መመለሱን ያረጋግጡ። ካልተመለሰ ኩኩ ከሌላ ችግር ጋር አብሮ የተገኘ እንጂ ዋናው ምክንያት አልነበረምና፣ የመስማት ምርመራ ሳይጻፍልዎ ከወንበሩ አይነሡ።