በስቶክሆልም የግል ፕሮግራመር የሰዓት ዋጋ እንዴት ይሰላል?

ስቶክሆልም ውስጥ በወር 40,000 ክሮና ደመወዝ የሚያገኝ ፕሮግራመር ተቀጣሪነቱን ትቶ በግሉ ለመሥራት ተነሣ እንበል። ፈጥኖ የሚመጣለት ስሌት የዓመት ደመወዙን 480,000 ክሮና በዓመቱ 2,080 የሥራ ሰዓታት ማካፈል ነው። ውጤቱ 231 ክሮና ገደማ ይሆናል። በዚህ ዋጋ ከተዋዋለ ግን ገቢው ከቀድሞው እጅግ ያንሳል።

አንደኛው ምክንያት ቀጣሪው ሲሸፍነው የነበረው ወጪ ነው። የስዊድን ቀጣሪ ከደመወዙ በላይ 31.42 በመቶ የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ይከፍላል። ከግብር መሥሪያ ቤቱ ከስካትቬርኬት “ኤፍ-ስካት” የተባለውን ፈቃድ አውጥቶ በስሙ የሚነግድ ባለሙያ ግን ግብሩንም መዋጮውንም ራሱ ይከፍላል፤ የመዋጮው ሙሉ ምጣኔ 28.97 በመቶ ነው። ስለዚህ ያው 480,000 ክሮና እንዲተርፈው 619,000 ያህል ማስገባት አለበት። ለኮምፒውተር፣ ለኢንሹራንስ፣ ለሂሳብ ሠራተኛና ለጡረታ ቁጠባ በዓመት 100,000 ቢያወጣ ድምሩ 719,000 ይደርሳል።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። ተቀጣሪ በሕግ የተፈቀዱለት ቢያንስ 25 የዕረፍት ቀናት አሉት፤ በእነዚህና በዐሥር ያህል የበዓላት ቀናት ደመወዙ አይቋረጥም። የግል ሠራተኛ ካልሠራ አይከፈለውም። እነዚህ ቀናት ሲቀነሱ 1,800 ሰዓት ይቀራል። ከዚህ ሲሶው ደንበኛ በመፈለግ፣ ሂሳብ በመሥራት፣ በመማርና በሕመም ቢያልፍ የሚከፈልበት 1,200 ሰዓት ብቻ ነው። 719,000 ለ1,200 ሲካፈል 600 ክሮና ገደማ ይመጣል።

በዚህ ላይ ለስዊድን ደንበኛ 25 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከላል። በክፍያ መጠየቂያው ላይ 750 ክሮና ቢጻፍም 150ው የመንግሥት ነው፤ እንደ ገቢ ቆጥሮ ማውጣት ዕዳ ያስከትላል።

600 ክሮና ለደንበኛው ውድ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ደንበኛው የሚገዛው የሚያስፈልገውን ሰዓት ብቻ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ክፍያውም ያበቃል። የሥራ ማጣት ስጋቱ ወደ ባለሙያው ተሸጋግሯል፤ ዋጋው ከፍ የሚለውም ለዚሁ ነው።

ስዊድን በሕግ የተደነገገ ዝቅተኛ ደመወዝ የላትም፤ ተቀጣሪውን የሚጠብቀው በአብዛኛው የኅብረት ስምምነት ነው። የግል ሠራተኛው ያለ እርሱ ስለሚደራደር ወለሉን ራሱ ማበጀት ይኖርበታል። ከአዲስ አበባ ሆኖ ለስቶክሆልም ደንበኛ የሚሠራም ምጣኔዎቹ ቢለዩበት ስሌቱ ያው ነው፦ የዓመቱ ሙሉ ወጪና ገቢ፣ በእርግጥ ለሚከፈልበት ሰዓት ይካፈላል።